ቢሮ ውስጥ ወላፈን ይመታኛል፤ ሥራ ልልቀቅ ወይስ ልቻለው? (ጅማ)

የአጂፗ ፦ ሰኞ ማታ 3:10

ሰላም እህቶች። እዚህ መድረክ ላይ አነባለሁ እንጂ ብዙም አልጽፍም። ዛሬ ግን ሆድ ብሶኛል።

48 ዓመቴ ነው። ጅማ ውስጥ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፋይናንስ ክፍል እሠራለሁ። ሥራዬ ከሰው ጋር ነው። ተገልጋይ ፊቴ ተሰልፎ እያለ ድንገት ይጀምረኛል። ከደረቴ ይነሳል፣ አንገቴን ይዞ ፊቴ ላይ ይወጣል። ጆሮዬ ሳይቀር ይግላል። ምጣድ ፊት የተቀመጥኩ ነው የሚመስለኝ። ከዚያ ላቡ! ባለፈው ከግንባሬ ተንጠባጥቦ የምጽፈው ደረሰኝ ላይ አረፈ። ሰውየው ደረሰኙን አይቶ፣ እኔን አይቶ፣ "አሞሽ ነው እንዴ እናቴ?" አለኝ። ደቂቃዎች ቆይቶ ይለቀኛል፤ ወዲያው ደግሞ ይበርደኛል። ሹራብ ሳወልቅና ስለብስ ነው የምውለው።

መስኮት ስከፍት ጠብ ነው። "ኧረ ንፋሱ! ምች ልታስመቺን ነው?" ይላሉ። እነሱም እውነት አላቸው፤ በዚህ ዝናብ መስኮት የሚከፍት ሰው ጤነኛ አይባልም። ፋይል እያራገብኩ እውላለሁ።

ወር አበባዬም ተዘባርቋል። ሁለት ወር ይጠፋል፣ ከዚያ በወር ሁለቴ ይመጣል። ሲመጣ ደግሞ ጉድ ነው። አንድ ቀን ወንበሩ ድረስ ነክቶ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሥሬ ወጣሁ። ሽንት ቤታችን ውስጥ ውኃ የለም።

በዚያ ላይ ቁጥር አይጠፋብኝም ነበር፤ አሁን የቫውቸር ቁጥር እያየሁት ይጠፋኛል። አለቃችን በሰው ፊት "እድሜ ነው እንግዲህ፣ ለልጆቹ ልቀቂላቸው" አለኝ። ለቀልድ ነው ይላል። ግን የአዲሱ ሲስተም ሥልጠና ሲመጣ ስሜ አልነበረም።

አገልግሎቴ 24 ዓመት አልፎ 25ኛውን ይዣለሁ። የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ባለቤቴ "ትንሽ ሱቅ እንከፍታለን" ይለኛል። ምን ትሉኛላችሁ?

ሲስተር_ኮቺ ፦ ሰኞ ማታ 3:55

እህቴ፣ መጀመሪያ ደብዳቤዋን ከቦርሳሽ አውጥተሽ ቤት አስቀምጫት። ከዚያ እናውራ።

ነርስ ነኝ። ራሴም አልፌበታለሁ። እንደ ጻፍሽው ከሆነ አንቺ ገና አላረጥሽም። አረጠች የሚባለው የወር አበባ 12 ወር በተከታታይ ሳይመጣ ሲቀር ነው። አብዛኛው ሴት ከ45 እስከ 55 ባለው ዕድሜ ይደርስበታል። አንቺ ያለሽው ከዚያ በፊት ባለው መሸጋገሪያ ላይ ነው። እሱ ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ የሚያስቸግረውም እሱ ነው። ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን አንድ ጊዜ ወርዶ አያርፍም። ይወጣል፣ ይወርዳል። አንጎላችን ውስጥ የሰውነት ሙቀት የሚቆጣጠረው ክፍል በዚህ ይረበሻል። ሙቀትሽ በጥቂቱ ከፍ ሲል በጣም የጋልሽ ይመስለዋል። ስለዚህ የቆዳሽን የደም ሥሮች ይከፍታል፣ ላብ ያስመጣል። ወላፈን ያልሽው ይሄው ነው።

መርሳቱም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ጋር ይመጣል። ሌሊት ላብ ቀስቅሶሽ፣ እንቅልፍ ሳትጠግቢ ጠዋት ቁጥር ብትስቺ ምን ይገርማል? ጃጀሁ ብለሽ አትደንግጪ። ለአብዛኞቻችን እያደር ይሻላል።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ወላፈኑ አይደለም፤ ደሙ ነው። "እድሜ ነው" ተብሎ አይታለፍም። ወንበር እስኪነካ የሚፈስሽ ከሆነ ደም ማነስ ሊኖርብሽ ይችላል። ድካምና የልብ ድለቃ ካለሽ እነሱም፣ መርሳቱም ግማሹ ከዚያ ሊሆን ይችላል። ሄሞግሎቢን ተለኪ። አልትራሳውንድ ተነሺ፤ ማህፀን ውስጥ ማዮማ (ካንሰር ያልሆነ እብጠት) ካለ ይታያል። የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ምርመራም ጠይቂ፤ እሱ ሲረበሽ ያልባል፣ ልብ ያስደልቃል፣ ወር አበባም ያዘባርቃል። ሞዴስ በየሰዓቱ የምትቀይሪ ከሆነ፣ ከግንኙነት በኋላ ደም ካየሽ፣ ወይም ዓመት ሙሉ ጠፍቶ ከቆየ በኋላ ጠብታም ብትሆን ከመጣች ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ሂጂ።

ዝም_አልልም ፦ ሰኞ ማታ 4:20

ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው። እናቶቻችን ዘጠኝ ወልደው፣ አርጠው፣ እርሻ ውለው ቡና አፍልተው ይገቡ ነበር። ማን ስለ ሆርሞን አወራ?

እትዬ_ጅሬን ፦ ሰኞ ማታ 4:31

አንተ ልጅ፣ እናትህን ጠይቀሃት ታውቃለህ?

እኔ 67 ዓመቴ ነው። እናቴ በዚያ ዕድሜዋ ሌሊት ሌሊት ተነስታ ደጅ ትቀመጥ ነበር። ብርድ ነው፣ እሷ ግን ነጠላዋን ጥላ ታራግባለች። እኛ ልጆቹ ሰይጣን የያዛት መስሎን እንፈራ ነበር። ቀን ሲመታት ከእርሻው ወጥታ ዛፍ ሥር ቁጭ ትላለች። የሚቆጣት አለቃ የለ፣ የሚሰለፍባት ሰው የለ። ደሞዟንም የሚቆርጥባት የለም። አላወሩም እንጂ ነበረባቸው።

ዝም_አልልም ፦ ሰኞ ማታ 4:40

እሺ እትዬ፣ ይቅርታ። ጠይቄ እመጣለሁ።

ኡሙ_ሀያት ፦ ማክሰኞ ጠዋት 12:20

አሰላሙ አለይኩም። ሱብሂ ሰግጄ ነው የምጽፈው፤ እንቅልፍ ከሆነ ድሮ ሄዷል።

አስተማሪ ነኝ። ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል ሒጃብ ለብሼ ሲጀምረኝ ማምለጫ የለኝም። የረዳኝ ጨርቁን መቀየር ነው። ያ የሚያንሸራትተው ፖሊስተር ላቡን አይመጥም፤ ሰውነት ላይ ይዘጋዋል። አሁን ሁሉንም ጥጥ አድርጌያለሁ፣ ከሥር የሚለበሰውንም ጭምር። ቦርሳዬ ውስጥ ትርፍ ሒጃብ፣ ትንሽ ፎጣና ውኃ አይጠፋም። ሲመጣብኝ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ እጽፋለሁ። ቀስ ብዬ በአፍንጫዬ አስገብቼ በአፌ አስወጣለሁ። ጽፌ ስጨርስ አልፏል። ተማሪዎቼ እጅ ጽሑፌ አማረ ብለውኛል!

ደም ሲዘባረቅ ሶላቱም ጾሙም ግራ ያጋባል። እኔ አፍሬ ዝም ብዬ ስጨነቅ ቆየሁ። ኋላ አንዷን ኡስታዛ ስጠይቃት በጣም ግልጽ አድርጋ አስረዳችኝ። የምታፍሩ ካላችሁ ሴት ጠይቁ።

ከሊሙ_ነኝ ፦ ማክሰኞ ጠዋት 2:05

እኔስ ሌሊት ላብ ሲያጠምቀኝ ወባ ነው ተባልኩ። ደም ተመረመርኩ፣ የለም። ታይፎይድ ነው ተባለ። መርፌውን ጨረስኩ፣ ላቡ እዚያው። እንደገና ታይፎይድ! አንድ ሰው እንኳን "የወር አበባሽ እንዴት ነው?" ብሎ አልጠየቀኝም። 50 ዓመቴ መሆኑ ካርዱ ላይ ተጽፏል።

ሲስተር_ኮቺ ፦ ማክሰኞ ቀን 7:15

@ከሊሙ_ነኝ ይሄ እኛ አካባቢ በጣም ይደጋገማል። ወባ ያለበት አገር ስለሆነ ላብ ሲባል ሁሉም ወደዚያ ይሮጣል። ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር ያላችሁ ሲጀምራችሁ ለኩት። ወላፈኑ ቆዳን ያግላል እንጂ 38 ዲግሪ አያደርስም። ትኩሳቱ 38 ከገባ፣ ብርድ ብርድ ካላችሁና ካንቀጠቀጣችሁ ግን ወባ መመርመሩ ልክ ነው። ሌሊት ላብ ኖሮ ክብደት እየቀነሰ ከሄደ፣ ወይም ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ አድርጉ። እሱንም "ማረጥ ነው" ብሎ መተው የለም።

ቡና_ለቀማ ፦ ማክሰኞ ማታ 1:30

የቢሮ ሰዎች ስለ መስኮት ስትጣሉ አነበብኩና ትንሽ ሳቅኩ፤ አትቀየሙኝ።

እኔ የቡና መጋዘን ውስጥ የለቃሚዎች ተቆጣጣሪ ነኝ። ሴቶቹ መሬት ተቀምጠው ቡናውን ፊታቸው ዘርግተው ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን እየለዩ ይውላሉ። አቧራ አለ። ብዙዎቹ ከ40 በላይ ናቸው። የሚከፈላቸው በለቀሙት ልክ ነው። ስለዚህ አንዷ ወላፈን መታኝ ብላ ብትነሳ የምትከስረው ራሷ ነች። አንዷ ሻሿን በውኃ ነክራ አንገቷ ላይ ታደርጋለች። አብረዋት ያሉት ደግሞ እስክትመለስ ከራሳቸው ክምር ወደ እሷ ይገፉላታል። እኔ ማድረግ የቻልኩት ትንሽ ነው። ሙቀት የሚያስቸግራቸውን በር አጠገብ አስቀምጣለሁ፤ ጀሪካን ውኃና ኩባያ መሃል አስቀምጫለሁ። ሽንት ቤት ሲወጡ ሰዓት መቁጠር ትቻለሁ። አሠሪው እስካሁን ምንም አላለም፤ ቡናው እየተለቀመለት ነው።

ጥያቄ አለኝ። አንዷ ደም በዝቶባት ሳምንት ቀረች። ቋሚ ነች። ደሞዟ ሊቆረጥ ነው ይላሉ። ሕጉ ምን ይላል?

የፐርሶኔል_ጡረተኛ ፦ ማክሰኞ ማታ 2:45

የሰው ሀብት ላይ ነው ያረጀሁት፤ ለሁለታችሁም ልመልስ።

ለቡና ለቀማ፦ የግል ድርጅት ከሆነ የሚገዛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ ላይ ማረጥ የሚል ቃል አትፈልጊ። የሕመም ፈቃድ ግን አለ፤ የሙከራ ጊዜዋን እስከጨረሰች ድረስ ይመለከታታል። በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ይደርሳል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ ነው፣ ቀጣዩ 2 ወር ግማሽ፣ የመጨረሻው 3 ወር ያለ ደመወዝ። የሕክምና ማስረጃ ታምጣ። በቀረችበት ማግሥት ለአሠሪው ማሳወቅ ነበረባት። አንቺ አለቃዋ ካወቅሽ አሳውቃለች ማለት ነው፤ በጽሑፍ አስፍሪላት።

አሁን የአጂፗ። እህቴ፣ የምትለቂ ከሆነ ልቀቂ፤ መብትሽ ነው። ግን የቀን መቁጠሪያ አይተሽ ልቀቂ! የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ነው። 25 ዓመት አገልግሎ በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሰው ግን ጡረታውን ከ55 ዓመቱ ጀምሮ ያገኛል። አንቺ 24 አልፈሻል ብለሻል። ጥቂት ወር ቀርቶሽ ደብዳቤ አስገብተሽ ብትወጪ ያ ዕድል ከእጅሽ ወጣ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ያለቀሱ ሰዎች አውቃለሁ። ሌላው፣ የጡረታው መጠን በደመወዝሽና በአገልግሎትሽ ስለሚሰላ እያንዳንዱ ዓመት ዋጋ አለው። ባለቤትሽ ስለ ሱቁ ሲያወራ ይሄንንም አብራችሁ አስሉት። ነገ ፋይልሽን አስወጪና የቅጥር ቀንሽን በዓይንሽ እይ። በቃል አትመኚ። የድሮ ፋይል ላይ ስንት ዓመት ጠፍቶ እንደሚገኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

አለቃሽን በተመለከተ አፍ ለአፍ አትከራከሪ፤ ጻፊ። "በሐኪም ማስረጃ መሠረት አየር ወደሚገባበት ቦታ እንድዛወር፣ ከፊት መስኮት አገልግሎት ለጊዜው ከሌላ ባልደረባ ጋር እንድቀያየር" ብለሽ ጠይቂ። ማረጥ የሚለውን ቃል መጻፍ ግዴታ የለብሽም። የሥልጠናውን ጉዳይ በሌላ ወረቀት ጠይቂ፦ "በቀጣዩ ዙር እንድካተት" በይ። ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ ካደረግሽው አሟታል ተብሎ ሥልጠናውም ይቀራል። ቀሪ ላይ አስፈርሚ።

ወጣቱ_ካሸር ፦ ማክሰኞ ማታ 3:20

ሰላም ለእናንተ። እኔ 26 ዓመቴ ነው። ቢሮዬ ውስጥ እንደ እርስዎ ያሉ ትልቅ ሰው አሉ። እኔም መስኮት ዝጉ ከሚሉት ነኝ፤ ለምን እንደሚከፍቱት አሁን ነው የገባኝ። ብጠይቃቸው ያፍራሉ? ምን ባደርግ ደስ ይላቸዋል?

የአጂፗ ፦ ማክሰኞ ማታ 3:34

ልጄ ተባረክ። አትጠይቃቸው። ዝም ብለህ ወንበር ቀይራቸው፤ መስኮቱ ጋ እሳቸው፣ ግድግዳው ጋ አንተ። "ብርሃን ዓይኔን ወጋኝ" በል። ሲያልባቸው አትይ። ሲስተሙን ስታሳያቸው ደግሞ ማውሱን ከእጃቸው አትቀማ። እኔ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። እኛ ራሳችን ስንነካው ነው የምንለምደው።

እትዬ_ጅሬን ፦ ማክሰኞ ማታ 3:41

መነጽርም አድርጊ። የቫውቸሩ ቁጥር የጠፋሽ ዓይንሽ ይሆናል። ከ40 በኋላ የቅርቡ ይደበዝዛል። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ 3ን 8 እያነበብኩ ስንት ጊዜ ከሒሳብ ሹሙ ጋር ተጣልቻለሁ።

አወያይ ፦ ረቡዕ ጠዋት 3:00

"ሆርሞን በሦስት ቀን የሚመልስ የባህል መድኃኒት" የሚል ማስታወቂያ ከነስልኩ አጥፍቻለሁ። እባካችሁ እዚህ አትሽጡ።

ሰናይት_በረካ ፦ ረቡዕ ቀን 6:50

ቡናስ? ያባብሳል ይላሉ። ጅማ ተቀምጬ ቡና ልተው ነው? ከአቦል እስከ በረካ ሳልጠጣ ቀኑ ቀን አይመስለኝም። ደግሞ ሆርሞን የሚባለው ሕክምና ካንሰር ያመጣል ይባላል። እውነት ነው?

ሲስተር_ኮቺ ፦ ረቡዕ ማታ 2:10

በቡናው ልጀምር፣ እሱ ነው የሚያጣላን። ቡና፣ አልኮል፣ ሚጥሚጣ፣ የሚያቃጥል ወጥ አንዳንዷን ይቀሰቅስባታል፤ ሌላዋን ምንም አይላትም። ራስሽን ታዘቢ። ወላፈኑ ከቡና በኋላ የሚመጣ ከሆነ አቦሉን ጠጪና በረካውን ለጎረቤት ተይ። ከሰዓት በኋላ ያለው ቡና ግን እንቅልፍ ይነሳል፤ እዚህ ላይ አልደራደርም። ጫትም እንዲሁ።

ሆርሞንን በተመለከተ፣ ለወላፈን ከሁሉም የተሻለ የሚሠራው እሱ ነው። ከ60 ዓመት በታች ለሆነች፣ ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት ጤነኛ ሴት ብዙውን ጊዜ ጥቅሙ ያመዝናል። ማህፀኗ ያለ ሴት ኢስትሮጅን ብቻውን አትወስድም፤ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሌላው ሆርሞን አብሮ መኖር አለበት። ያለዚያ የማህፀን ግድግዳ ይወፍርና ለካንሰር ያጋልጣል። ከጡት ካንሰር ጋር የሚያያዝ ስጋትም አለ። አነስተኛ ነው፤ እንደ መድኃኒቱ ዓይነትና እንደሚወሰድበት ጊዜ ይለያያል። የጡት ካንሰር የነበረባት፣ እግሯ ወይም ሳንባዋ ላይ ደም የረጋባት፣ ስትሮክ ያገኛት፣ የጉበት በሽታ ያለባት ሴት ሌላ መንገድ ይፈለግላታል። ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈሳትም መጀመሪያ ምክንያቱ ይታወቅ። ሆርሞን ለማይሆንላቸው እንደ ቬንላፋክሲንና ጋባፔንቲን ያሉ ሐኪም የሚያዛቸው መድኃኒቶች አሉ። ከጎረቤት ተቀብላችሁ አትዋጡ።

ሳይጠየቅ የሚቀር ነገር ደግሞ አለ። ወር አበባ ሲዘባረቅ እርግዝና ቀረ ማለት አይደለም። ከ50 በላይ ከሆናችሁ ደሙ ከጠፋ 1 ዓመት፣ ከ50 በታች ከሆናችሁ 2 ዓመት እስኪሞላ መከላከያውን አትተዉ። የብልት ድርቀትና ሲገናኙ ማቃጠልም መድኃኒት አለው፤ እዚያው የሚቀባ ክሬም አለ። ይሄን ለሐኪም ለመናገር አፍራችሁ ከባላችሁ ጋር አትኳረፉ።

ሰናይት_በረካ ፦ ረቡዕ ማታ 2:18

በረካውን ለጎረቤት! ኧረ ሲስተር!

የአጂፗ ፦ በሳምንቱ፣ ሐሙስ ማታ 2:30

እህቶቼ፣ ሄድኩ። ሄሞግሎቢኔ 9 ነው። ሐኪሟ "እንዴት ቆመሽ ትሠሪያለሽ?" አለችኝ። ማዮማም አለ፤ ትልቅ አይደለም አለች። የደም መድኃኒት (አይረን) ጀምሬያለሁ፣ ደሙን የሚቀንስም ታዞልኛል። ስለ ወላፈኑ በሚቀጥለው ቀጠሮ እንነጋገራለን ተባብለናል። የታይሮይድ ውጤት ገና ነው።

ፋይሌንም አስወጣሁ። የፐርሶኔል ጡረተኛ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ 25 ሊሞላኝ ሰባት ወር ይቀረኛል። ባለቤቴ ሲሰማ ስለ ሱቁ ማውራት አቆመ። ደብዳቤዋ ቁም ሳጥን ውስጥ ናት። ሰባት ወሩ ሲያልፍ እንደገና አያታለሁ፤ እንደማልለቅ ቃል አልገባም።

ቦታ እንድቀየር የጻፍኩት ወዲያው ተፈቀደ። ያልጠበቅኩት ነው። አሁን ኮሪደሩ ጋ በር አጠገብ ነኝ። የሥልጠናው ደብዳቤ ግን መልስ የለውም። አለቃችን "አየዋለሁ" ብሎኛል፤ ሰኞ ቀሪውን ይዤ እንደገና እገባለሁ።

ሲስተር፣ አንድ ጥያቄ። ክኒኑ ሆዴን ያደርቀዋል። ሰገራዬም ጠቁሮ አስደነገጠኝ። ቢሮ ደግሞ ጠዋት ቡና ይፈላል፤ ክኒኑን በቡናው ነው የምውጠው።

ሲስተር_ኮቺ ፦ ሐሙስ ማታ 2:52

በቡና?! በፍጹም! ቡናና ሻይ አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። ክኒኑን ጠዋት ከቤት ሳትወጪ በውኃ ዋጪው፤ ብርቱካን ወይም ሎሚ ካለ ጥሩ ነው። ከዚያ ቡናው ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ሁለት ሰዓት ቢሆን ደግሞ ይሻላል። ወተትም አብረሽ አትውሰጂ። መጥቆሩ ከመድኃኒቱ ነው፣ አትደንግጪ። ሬንጅ መስሎ ከተጣበቀና ከሸተተ፣ ወይም ሆድሽን ከቆረጠሽ ግን ንገሪያቸው። ለድርቀቱ ውኃ፣ ጎመን፣ ተልባ። ካልቻልሽው አታቋርጪ፤ ሐኪሟ አወሳሰዱን ትቀይርልሻለች።

የአጂፗ ፦ ሐሙስ ማታ 2:58

ቢሮ የምናፈላው 3 ሰዓት ላይ ነው። 1 ሰዓት ላይ ብውጠው ይበቃል?

ሲስተር_ኮቺ ፦ ሐሙስ ማታ 3:01

በደንብ ይበቃል።